የሄርንፎርድ ጎተራ

ሚስተር አምብሮዝ ፔል የሞቱት በገዛ መንደራቸው መካከል ተቀምጠው ነው። መንደሯ ግን የነበረችው እንግሊዝ አገር ሳይሆን ላስ ቬጋስ፣ ማውንተንስ ኤጅ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ በተዘረጋ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ በስትሪፑ፣ በቁማር ቤቶቹ ጎዳና፣ የትርዒት መድረኮችን ሲገነቡ የኖሩ አናጢ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ የተወለዱባትን ሄርንፎርድን ልጅ ሆነው በሚያውቋት መልክ ከእንጨት ጠርበው ሠሯት። ቤተ ክርስቲያኗ፣ ወፍጮ ቤቷ፣ የብረት ቀጥቃጩ ቤትና ኩሬዋ ሁሉ በልካቸው ተቀምጠዋል። ሰዎቿን ከጓሯቸው ንቦች ሰም አበጅተው በየደጃፉ አቁመዋቸው ነበር። መርማሪ ሔዋን በቀለ ስትደርስ ሽማግሌው ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለዋል፤ ጣት የሚያካክሉት የሰም ሰዎችም አንገታቸውን ደፍተዋል።

ሔዋን ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ፣ በደርግ ዘመን ከወላጆቿ ጋር በሱዳን በኩል ተሰዳ እዚሁ የቬጋስ በረሃ ውስጥ ያደገች ሴት ናት። ብዙ ታያለች፣ ጥቂት ትናገራለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ሔዋን ዝም ስትልህ ጠበቃ ጥራ» እያሉ ይቀልዱባታል። ያን ምሽትም የሰም ሰዎቹን አንድ በአንድ አየችና አንዱን ገበሬ በጣቷ ነካ አደረገችው። ጠንክሯል፤ ግን ከወገቡ ታጥፎ ነው የጠነከረው።

ሳጅን ሩዪዝ ቀድሟት ደርሶ ነገሩን በልቡ ጨርሶታል። ሐኪሙ አስከሬኑ ከሚገባው በላይ መጋሉን አይቶ ሰውየውን የገደላቸው ሙቀት ነው ብሏል። በሐምሌ የቬጋስ ጋራዥ ያለ ማቀዝቀዣ ምን እንደሚሆን እዚህ አገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ክፍሉ ግን አሁን ቀዝቃዛ ነው፣ ማቀዝቀዣውም ይሠራል። ስለዚህ አንድ ሰው አጥፍቶት፣ ኋላ መልሶ አብርቶታል ማለት ነው። ሩዪዝ ያ ሰው አስታማሚዋ ናት ባይ ነው፤ ረስታም ሆነ ሳታስብ አጥፍታው ሄደች፣ ከሰዓቷ ቀድማ ስትመለስ ሞተው አገኘቻቸው፣ ደንግጣ አበራችው፣ ክፍሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ ለአምቡላንስ ደወለች። ሲናገረው ያምራል፤ ደግሞም ተሳስቷል ለማለት የሚያስችል ነገር በዚያች ሰዓት አልነበረም።

አስታማሚዋ ሀሌታ ትባላለች። ዲቪ ደርሷት ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ፓራዳይዝ በሚባል ሰፈር ጠባብ አፓርታማ ተከራይታ ሮሐ የምትባል ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ሌሊት ሆቴል ታጸዳለች፣ ቀን ሽማግሌውን ታስታምማለች። ሔዋን ወጥ ቤት ውስጥ ስታገኛት እጆቿን ጭኗ ላይ ጭና ተቀምጣ ነበር። የአገሯ ሰው መሆኗን ስታይ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ።

«ኤሲውን እኔ አላጠፋሁትም» አለች በአማርኛ። «ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ ነው የመጣሁት። ምሳቸውን አበላኋቸው፣ መድኃኒታቸውን ሰጠኋቸው። ያ መድኃኒት ሁሌም ያስተኛቸዋል፤ እዚያው መንደራቸው አጠገብ ነው መተኛት የሚወዱት። ኤሲው እየሠራ ነበር። ቤቴ ሄጄ ተኛሁ፣ ማታ ራታቸውን ላበላቸው ስመለስ ሞተው አገኘኋቸው።»

«ተኝተሽ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ብቻዬን ለተኛሁት እንቅልፍ ምስክር ከየት ላምጣ?»

ሔዋንም ሀሌታ መኪናዋን ካቆመችበት ጀምራ ያየችውን ሁሉ አንድ በአንድ እንድትነግራት ጠየቀቻት። ሀሌታም እንደ ወትሮው በጎን በሩ መግባቷን ነገረቻት፤ ለተሽከርካሪ ወንበሩ መወጣጫ የተሠራው በዚያ በኩል ስለሆነ የቤቱ ሰዎች ሁሉ መግቢያ እሱ ነው፣ የፊት ለፊቱ በር ካሜራም አያየውም። ቀፎዎቹ ያሉትም እዚያው ነው። ንብ ስለምትፈራ ሁሌ እየሮጠች ታልፋቸዋለች። ዛሬ አንዱ ቀፎ ላይ ጥቁር ነገር አይታ ነበር፤ ነፋስ ያመጣው የቆሻሻ ከረጢት መስሏት አልፋው ገባች።

«ከተከሰስኩ የአስታማሚነት ላይሰንሴ ይሄዳል» አለች በመጨረሻ። «ግሪን ካርዴም አብሮ ይሄዳል። ሮሐ እዚህ አገር ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። እባክዎ ይመኑኝ፣ እኔ እኚህን ሰው እንደ አባቴ ነው የማያቸው።»

ሔዋን ውሃ ቀድታ ሰጠቻትና ወደ ጋራዡ ተመለሰች። የቤቱን ቁልፍ የያዙት አራት ሰዎች መሆናቸውን አረጋግጣለች፦ ሀሌታ፣ የሟች ልጅ ኮሊን፣ ማሩን የሚቆርጥላቸው ግዛቸው፣ እና ሚስ ሞድ ሃርል የሚባሉ አሮጊት፣ የሄርንፎርድ ተወላጅና የልጅነት ጎረቤታቸው።

ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ መንደሯን ቤት በቤት አየቻት። የበረሃ አቧራ የማይገባበት የለም፤ የሄርንፎርድ ጎዳናዎችም በስሱ ለብሰውታል። በቀጥቃጩ ቤትና በወፍጮ ቤቱ መካከል ግን አንድ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ አለ። እዚያ ላይ የነበረ ቤት በቅርቡ ተነሥቷል ማለት ነው። ፊቷን ይበልጥ ስታስጠጋ አንድ ነጭ ክር አየች። ከቀጥቃጩ ደጃፍ ከተተከለች መርፌ ተነሥቶ፣ በባዶው ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ አልፎ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ካለች ሌላ መርፌ ይታሰራል። መንገዱም ነጭ በመሆኑ ክሩ ካልፈለጉት አይታይም።

በማግስቱ መጀመሪያ ያነጋገረችው ኮሊንን ነው። ኮሊን ቤት አሻሻጭ ነው፤ አባቱን የአረጋውያን ማረፊያ አስገብቶ ይህን ቤት ለመሸጥ ያስብ እንደነበር ሳይጠየቅ ተናገረ። በዚያ ከሰዓት ለደንበኞች ቤት ሲያስጎበኝ እንደነበር፣ በመካከል ግን ብቻውን የቆየበት ጊዜ መኖሩንም አልደበቀም። ኪሱ ውስጥ ለንብ መርዝ ማርከሻ የሚሆን መርፌ ይዞ ይዞራል፤ አንዲት ንብ ብትነድፈው ትገድለዋለች። ቀፎዎቹ ከተተከሉ ወዲህ በጎን በር ገብቶ አያውቅም፤ ወደ አባቱ ቤት በጎን በር የማይገባ እሱ ብቻ ነው።

«አባቴ እሁድ ለሄርንፎርድ ሰዎች በቪዲዮ ሊናገር ነበር» አለ። «እዚያ አዳራሽ ተሰብስበው ሊሰሙት። ስለ ወፍጮ ቤቱ ቃጠሎ ነው። "አገኘሁት" አለኝ ስልክ ላይ።»

«ምኑን?»

«አልጠየቅኩትም።» ኮሊን መስኮቱን ተመለከተ። «ዕድሜዬን በሙሉ ስለዚያች መንደር ሲያወራ ነው የሰማሁት። ደንበኛ እየጠበቀኝ ነበርና ዘጋሁበት።»

ግዛቸው ጎጃም ውስጥ ከንብ አርቢ አባት የተወለደ፣ እዚህ ግን ሰው በመኪና እያመላለሰ የሚኖር የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው። በዚያ ከሰዓት ከኤርፖርት ስትሪፕ ሲመላለስ መዋሉን ስልኩ ራሱ ይመሰክርለታል። ሔዋን ግን የፈለገችው ሌላ ነገር ነበርና ወደ ቀፎው ወሰደችው። ቀፎው ላይ የታሰረው ጥቁር ጨርቅ አሁንም አለ።

«ይህን አንተ ነህ ያሰርከው?»

ግዛቸው የተሰደበ ያህል ተኮሳተረ። «እኔ? ኧረ እህቴ፣ ንብ ጥቁር አይወድም። ጥቁር ካየ ይነሣብሻል። አባቴ ማር ሲቆርጥ ነጭ ጋቢ ነበር የሚከናነበው። ንብ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም።»

ሊሄድ ሲል ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሀሌታ መቼ እንደምትታሰር ጠየቃት። ገዳይዋ እሷ መሆኗን በከተማው የኢትዮጵያውያን ማኅበር የስልክ ግሩፕ ላይ ማንበቡን፣ አንዳንዶቹም ድሮም ዓይኗ ደስ እንደማይላቸው መጻፋቸውን ነገራት። ማን እንደጻፈው ስትጠይቀው «ሰው ነዋ» አላት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ሀሌታም ከሌሊት ሥራ ወደ ቀን ሥራ ስትሮጥ ከማንም ጋር የመዋያ ጊዜ ያልነበራት ሴት ናትና የሚከራከርላት አልተገኘም።

ሚስ ሞድ የሚኖሩት ዊትኒ ውስጥ፣ ጎማ ባላቸው ተጎታች ቤቶች ሰፈር ነው። የስትሪፑን ዳንሰኞች ልብስ ሲሰፉ ዘመናቸውን የጨረሱ፣ ዓይናቸው የደከመ ግን ወገባቸው ያልጎበጠ አሮጊት ናቸው። ለሔዋን ሻይ ቀዱላትና ስለ ሄርንፎርድ ሲጠየቁ ፊታቸው እንደ ልጃገረድ በራ። አባታቸው ጆብ ሃርል የመንደሩ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። በዚያች መንደር ብረት ቀጥቃጭ የተከበረ ሰው ነበር፤ አባታቸው ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑም አለቃ ነበሩ። ዛሬም ድረስ የመንደሩ አዳራሽ የሚጠራው በእሳቸው ስም ነው። ሚስ ሞድ ራሳቸው አግብተው አልወለዱም፤ ከዚህ ዓለም የቀራቸው ያ በር ላይ የተጻፈው ስም ነው።

ስለ ወፍጮ ቤቱ ቃጠሎም አወሩ። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ እርሻ ላይ የቀረ ሉካ የሚባል ጣሊያናዊ የጦር ምርኮኛ ነበር። ወፍጮ ቤቱ በተቃጠለበት ምሽት አባታቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሉካ ፋኖስ ይዞ ከወፍጮ ቤቱ ሲወጣ አዩት። ፍርድ ቤት በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ለቀቀው፤ መንደሩ ግን አልለቀቀውም። ዳቦ የሚሸጥለት፣ ደህና ዋልክ የሚለው ጠፋ። በኋላ ኩሬው ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

«ጥፋተኛ ባይሆን ኖሮ ለምን ራሱን ያጠፋል?» አሉ ሚስ ሞድ ሻያቸውን እያማሰሉ።

ሔዋን ቀፎው ላይ ስላለው ጥቁር ጨርቅ ጠየቀቻቸው። ሚስ ሞድ አልደነገጡም፤ እንዲያውም ኩራት ተሰማቸው።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት። በሄርንፎርድ የቤቱ ጌታ ሲሞት ለንቦቹ ይነገራቸዋል። ቀፎው ሦስት ጊዜ በቤቱ ቁልፍ ይንኳኳና "ጌታችሁ ሞቷል" ይባላሉ፣ ጥቁር ይታሰርላቸዋል። ካልተነገራቸው አኩርፈው ይሰደዳሉ፣ ወይም ያልቃሉ። ቤቱ ውስጥም ሌላ ሞት ይከተላል። ልጁ እንደሆነ ይህን አያውቅም፣ ቢያውቅም ይስቅበታል። እና ማን ይንገራቸው?»

«መቼ ነገሯቸው?»

«ሀሌታ ደውላ አርድታኝ፣ ማታ እንደመጣሁ።»

ሔዋን ሻይዋን ዝም ብላ ጠጥታ ጨረሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኮሊን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ግዛቸው ኮፍያውን አውልቆ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ሀሌታን ላለማየት ወለሉን ያያል። ሚስ ሞድ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ሀሌታ ከሁሉም ራቅ ብላ ቆማለች፣ ሳጅን ሩዪዝም ከኋላዋ ቆሟል፤ ሩዪዝ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ሊይዛት ወረቀቱን አስጨርሷል። ሔዋን እንደ ልማዷ ያለ መግቢያ ጀመረች።

«እነዚህን የሰም ሰዎች እዩ። ማቀዝቀዣው ሥር ያሉትም ጥግ ያሉትም እኩል ጎብጠዋል። ክፍሉ ለጥቂት ደቂቃ አይደለም የጋለው፤ ከሰዓቱን ሙሉ ነው። ሳጅን ሩዪዝ አስታማሚዋ ረስታ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን ሳይታሰብ ከጠፋ ማቀዝቀዣ ጋር አብሮ የተሰረቀ ቤት አለ።»

ባዶውን አራት ማዕዘን በጣቷ አሳየቻቸው። እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደነበረ ኮሊንን ጠየቀችው።

«ጎተራው» አለ ኮሊን ግራ ገብቶት። «የመንደሩ የእህል ጎተራ። ትልቁ። አባቴ ከድሮ ካርታና ከመሠረት ድንጋዩ ልክ እየወሰደ ነው የሠራው። እውነተኛው እኔ ሳልወለድ ፈርሷል።»

«ማቀዝቀዣ ረስቶ ሰው የገደለ አስታማሚ የአሻንጉሊት ጎተራ ምን ይሠራለታል?» አለች ሔዋን። «እንግዲህ መዘንጋት አይደለም። ጎተራው እንዳይታይ የፈለገ ሰው አለ።»

ከዚያ ነጩን ክር አሳየቻቸውና ስልኳን አውጥታ ካሜራውን ከቀጥቃጩ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ቢቆም ዓይኑ በሚሆንበት ከፍታ አቆመችው። በስልኩ ላይ የወፍጮ ቤቱ በር ጥርት ብሎ ታየ። ቀጥላ ከወጥ ቤት ያመጣችውን የሻይ ካርቶን አንሥታ በባዶው ቦታ ላይ፣ ልክ ምልክቱ ላይ አስቀመጠችው። የወፍጮ ቤቱ በር ጠፋ፤ የሚታየው ካርቶን ብቻ ሆነ።

«ሚስተር ፔል "አገኘሁት" ያሉት ይህን ነው። ጆብ ሃርል ሉካን አየሁት ያሉት ከዚህ ደጃፍ ቆመው ነው። ጎተራው በቆመበት ዘመን ግን ከዚህ ደጃፍ ወፍጮ ቤቱ አይታይም። ጎተራው ስለፈረሰ ዛሬ እዚያ ቆሞ የሚያይ ሰው ሁሉ ምስክርነቱን ያምናል። መንደሯን እንደ ጥንቷ አድርጎ የሠራት ሰው ብቻ ነው ውሸቱን ሊያገኘው የሚችለው። ነገ ለመንደሩ ሕዝብ ሊያሳዩት ነበር።»

ማንም ወደ ሚስ ሞድ አልዞረም፤ ሁሉም ግን እሳቸውን እያሰበ ነበር። ሔዋንም ያ ብቻውን እንደማይበቃ ታውቃለችና ወደ ቀፎው አለፈች።

«ሀሌታ ሬሳውን ከማግኘቷ በፊት፣ ስትገባ፣ ቀፎ ላይ ጥቁር ነገር አይታለች። ትዋሻለች እንበል። መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ደረቱ ላይ ካሜራ ነበረው፤ በጎን በር ሲገባ ጨርቁ ታስሮ ይታያል። ሚስ ሞድ ያን ጊዜ ገና አልመጡም። ሲመጡ ደግሞ ጎን በሩ ተዘግቶ ፖሊስ ቆሞበት ነበር፤ ያ ፖሊስ ማንንም አላሳለፍኩም ይላል። እንግዲህ ጨርቁን ያሰረው ሰው፣ መሞታቸውን ሌላ ማንም ሳያውቅ ያወቀ ነው። ኮሊን ወደ ቀፎ ቢጠጋ ይሞታል። ግዛቸው ኤርፖርት ነበር፤ ደግሞም ንብ ላይ ጥቁር ማሰር ለእሱ ነውር ነው። ሀሌታ ንብ ትፈራለች፣ ይህን ወግም አታውቀውም፤ የቆሻሻ ከረጢት ነው ያለችው። ለንብ መርዶ የሚያረዳ አንድ ሰው ብቻ ነው እዚህ ያለው። ያሰሩትም እሳቸው መሆናቸውን ነግረውኛል። የዋሹት ሰዓቱን ብቻ ነው።»

ሚስ ሞድ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። ይክዳሉ ብሎ ሁሉም ጠብቆ ነበር።

«አምብሮዝ ራሱ ነገረኝ» አሉ። «ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብሎ፣ እዚሁ አስቀምጦኝ። ጎተራውን አንሥቶ ክሩን ወጥሮ አሳየኝ። እጄን ይዞ አለቀሰ፤ ከዚያ እሁድ እናገረዋለሁ አለ። ተው አልኩት። ለሞተ ሰው ብለህ ተው አልኩት። ሉካም የሞተ ሰው ነው አለኝ።»

በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሽማግሌው ለልጅነት ጓደኛቸው ክብር ብለው ያደረጉት ነገር ሚስ ሞድ ቀኑን እንዲመርጡ ዕድል ሰጣቸው። ሚስ ሞድም ቀሪውን ምንም ሳይጨምሩ ተናገሩ። ሀሌታ እስክትወጣ በሩቅ ሆነው ጠብቀዋል። ሽማግሌው ተኝተው ነበር። ማቀዝቀዣውን አጠፉ፣ የጋራዡን በር በላያቸው ዘጉ፣ ራሳቸው ሳሎን ውስጥ በቀዝቃዛው ተቀመጡ። ሁሉ ነገር ሲያልቅ ገብተው ማቀዝቀዣውን አበሩ፣ ጎተራውን በቦርሳቸው ከተቱ። ክሩ እዚያው መቅረቱን የደከመው ዓይናቸው አላየውም። ከዚያ በጎን በር ሲወጡ ቀፎዎቹ ፊት ደረሱ፤ ሳይነግሯቸው ማለፍ አልቻሉም። አባታቸው የሞቱ ዕለት እናታቸው እጃቸውን ይዘው ወደ ቀፎ የወሰዷቸው ገና ልጅ ሳሉ ነው።

«ነቅቶ ነበር?» አለ ኮሊን። ከግድግዳው ተላቆ ደግሞ ጠየቀ። «አባቴ ነቅቶ ነበር?»

«አንድ ጊዜ ተጣራ።»

«ማንን?»

ሚስ ሞድ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሀሌታን አዩዋት። «እሷን» አሉ።

ሀሌታ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሔዋን ወደ አሮጊቷ ቀረብ ብላ፣ ነገሩ ሁሉ በሀሌታ ላይ እንደሚወድቅ አስበውበት እንደነበር ጠየቀቻቸው።

«አዎ፣ አስቤበታለሁ» አሉ። «ወጣት ናት፤ ወደ ሌላ አገር ትሄዳለች ብዬ ነው።»

«ሉካም ወጣት ነበር» አለች ሔዋን።

ሩዪዝ የሚስ ሞድን ክንድ ይዞ ሲያወጣቸው በጎን በር በኩል ሄዱ፤ ቀፎዎቹን ሲያልፉ ግን ቀና ብለው አላዩዋቸውም። ሰው የሰፈሩን ወግ ለንብ ጠብቆ ለሰው ሲያጎድል ማየት ለሔዋን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ያም ሆኖ አንገሸገሻት።

እሁድ ዕለት ኮሊን ሄርንፎርድ ደወለ። የአባቱን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ፣ ያልጠየቀውን ነገር በአባቱ ፋንታ ለአዳራሹ ሰዎች አሳየ። ካርቶኑን አስቀመጠ፣ አነሣ፣ ደግሞ አስቀመጠ። ሰዎቹ በትሕትና ሰሙት። ሐዘናቸውን ገለጹለት፤ የአዳራሹን ስም በተመለከተ ግን ብዙ ዘመን ያለፈው ነገር በመሆኑ የሚያስቸኩል አይመስለንም አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሄርንፎርድ ግን ሲጠራላትም ዓይኗን ጨፍና ቀረች።

ሔዋን የቀረ ዕቃ ልትሰበስብ እዚያው ነበረች። ሀሌታ ጫማዋንና ሽርጧን ልትወስድ መጣች። ቀጣሪ ድርጅቷ ነገሩ ሳይጣራ በፊት ሥራዋን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል፤ ከተጣራ በኋላም እንመለስበታለን ከማለት አላለፈም። የማኅበሩ ግሩፕ ላይ የተጻፈውን ማንም አላጠፋውም፤ ግዛቸው ብቻ ደውሎ ማር ላምጣልሽ ወይ ብሏታል። ሔዋን ለድርጅቱ ደብዳቤ እንደምትጽፍላት፣ ፈቃዷም ግሪን ካርዷም ምንም እንደማይሆኑ ነገረቻት። ሀሌታ አመሰገነቻትና ሽርጧን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ እንዳልገደልኳቸው መቼ ነው ያወቁት?»

ሔዋን መዋሸት ትችል ነበር። ሥራዋ በጠየቀ ቁጥር ለብዙ ሰው ዋሽታለች፤ ይህችን ሴት መዋሸት ግን አፈረች።

«ጨርቁን በፖሊሱ ቪዲዮ ላይ ሳየው።»

«ከዚያ በፊትስ? እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ይመኑኝ ብዬ ስለምንዎት?»

«አላወቅኩም ነበር።»

ሀሌታ ጥቂት አየቻት። አልተቆጣችም፤ የደከማት ሰው አስተያየት ነው ያየቻት።

«በአማርኛ ነበር እኮ የነገርኩዎት» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።